ከበረንዳው ወደ ቤት

ሰው ሥራሽ ምንድን ነው ሲለኝ የማስረዳው በቤት ምሳሌ ነው። ቤትህ ሳሎን አለው፣ መኝታ ክፍል አለው፣ ከበሩ ውጭ ደግሞ መንገድ አለ። ከመንገድ የመጣውን ሁሉ ሳሎን ድረስ ካስገባህ አንድ ቀን ሌባ ታስገባለህ። ስለዚህ በረንዳ ትሠራለህ። እንግዳው በረንዳው ላይ ይስተናገዳል፤ የፈለገውን እዚያው ታቀርብለታለህ፣ ወደ ውስጥ ግን አያልፍም። ሙያተኞቹ ዲኤምዜድ ይሉታል። ከወታደር የተዋሱት ቃል ነው፤ በሁለት ጦር መሀል ያለ፣ ማንም የማይተኩስበት መሬት። እኔ በረንዳ እላለሁ። ያኔ ሰው "አሃ!" ይላል፣ ቀጥሎ ስለ ስልኩ ባትሪ ይጠይቀኛል።

የምሠራው ሆስፒታል ውስጥ ነው፤ ምድር ቤት፣ በልብስ ማጠቢያውና በጄኔሬተሩ መሀል። ግድግዳው ሲንቀጠቀጥ ይውላል። ሻይ ያስቀመጥክበት ብርጭቆ በራሱ ጊዜ ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ይሄድብሃል። ሁለት ነን፤ እኔና ጠርጥር። ጠርጥር የእናት የአባት ስሙ አይደለም። "ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ ይኖራል ስንጥር" የሚለው ተረት ነው ስም ያወጣለት። የገዛ ጥላውን መታወቂያ አሳየኝ የሚል ሰው ነው። የይለፍ ቃል ሲጽፍ እኔን እንኳ "እስቲ ዙሪ" ይለኛል፤ ስንት ዓመት አንድ ማዕድ ቀርበን! ቢሆንም እውነቱን ልናገርና፣ እንደ እሱ ያለ ባለሙያ አላየሁም። የያዘውን ሥራ ይጠነቀቅለታል።

ባለፈው ዓመት ሌባው እውነትም ሳሎን ገባብን። በሽተኞች የላብራቶሪ ውጤታቸውን ከቤታቸው ሆነው በስልክ የሚያዩበት ኮምፒውተር አለን፤ ውጤት ሰርቨር ነው የምንለው። ከሌሎቹ ኮምፒውተሮች ሁሉ ጋር አንድ ቤት ውስጥ ነበር ያለው። በእሱ በኩል ገቡና የሆስፒታሉን ፋይል አንድ ሳያስቀሩ ቆለፉት። ሐኪሞቹ በሽተኛውን "ባለፈው ምን መድኃኒት ነበር ያዘዝኩልህ?" ብለው እስከ መጠየቅ ደረሱ። ጠርጥር በረንዳ ይሠራ ብሎ አስቀድሞ ሲለምን ሰሚ አላገኘም፤ ሌባው ከገባ በኋላ ግን "የት ነበርክ?" የተባለው እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ሳቅ ብርቅ ሆነበት።

በመጨረሻ ፋየርዎል ተገዛልን። የጫማ ካርቶን የሚያህል ብረት ነው፤ ከፊቱ የገመድ መሰኪያ ተደርድሯል። አንዱ መሰኪያ ወደ ውጭ፣ አንዱ ወደ ቤት፣ ሦስተኛው ወደ በረንዳው። ማን ከየት ወደ የት ማለፍ እንደሚችል የሚወስነው ያ ሳጥን ነው። ሥራ አስኪያጁ ምድር ቤት ድረስ ወርዶ አያውቅም ነበር፤ ያን ሰሞን ወረደ። "ሰኞ አዲሱ አገልግሎት ለሕዝብ ይመረቃል። እንግዶች ጠርቻለሁ። ቅዳሜ ጨርሱት" አለን። ቆሽቴ አረረ። ዓመት ሙሉ ተኝተው ለምርቃት ሲሆን ነው የሚነቁት! ጠርጥር ግን በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ሥራውን ስለፈለገው ነው።

ያን ቅዳሜ እናቱ ሦስተኛ ፎቅ ተኝታ ነበር፤ የኩላሊት ክፍል። ደሟ በማሽን ነበር የሚታጠበው፤ ማሽኑ ተበላሽቶ ተራዋ አልፏት ነበር። ሐኪሙ ጠዋት ደም አስቀድቶ፣ "ፖታሲየሙ ከፍ ብሎ ከተገኘ አሁኑኑ በሌላው ማሽን እናጥባቸዋለን፤ ካልሆነ ሰኞ ይደርሳል" አለ። ከፍ ካለ ምን እንደሚሆን ጠርጥር ነግሮኛል። ልብ ቀጥ ይላል፤ ሳያምም፣ ሳያስጠነቅቅ። ስለዚህ የዚያ ቀን ነገር ሁሉ የተንጠለጠለው በአንድ ብልቃጥ ደም ላይ ነበር።

ሥራ ከመጀመራችን በፊት አብረን ወደ እሷ ወጣን። እማማ ትራሷን ተደግፋ ከጎኗ ለተኛችው ሴትዮ ታወራለች።

"ይኸውልሽ መጣ! ልጄ የኮምፒውተር ሐኪም ነው። ይቺ ደግሞ ረዳቱ ናት።"

"እማማ!" አልኳት፣ "እሱን ገመድ መሰካት ያስተማርኩት እኔ ነኝ እኮ!"

"ዝም በይ አንቺ፣ ክብሪት! ተናግረሽ መቼ ይወጣልሻል።" ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች። "ቁርስ በልተሃል?"

"በልቻለሁ እማዬ።"

"ዋሾ። ከንፈርህ ደርቋል።"

ግንባሯን ሳማት። "ዛሬ ኔትወርኩን እንነካካለን፣ ውጤት የምታዩበት ይሄ የግድግዳው ስክሪን ትንሽ ሊንገራገጭ ይችላል" ብሎ ለሲስተሯም ነገራት። ሲስተሯ ክፍሉን ብቻዋን የያዘች ቀጭን ልጅ ናት። አንድ እጇ ላይ ጓንት፣ በሌላው መርፌ ይዛ "እሺ፣ እሺ" እያለች ወደ ሌላው አልጋ አለፈች።

ምድር ቤት ወርደን ሥራውን ያዝነው። የውጤት ሰርቨሩን ገመድ ከቤቱ ነቅለን በረንዳው ላይ ሰካነው። ከዚያ ሕጎቹን በየተራ መጻፍ ነው። ከውጭ ወደ በረንዳው፦ ውጤት ለማየት ብቻ ይለፍ። ከቤት ወደ በረንዳው፦ ላብራቶሪው ውጤት ያስቀምጥ፣ የሕሙማን ክፍሎች ገብተው ይዩ። የመጨረሻው ነው የበረንዳ ነፍሱ። ከበረንዳው ወደ ቤት፦ ምንም አይለፍ። ሌባ በረንዳውን ቢይዝ እንኳ እዚያው ይቅር ነው ነገሩ።

አዘጋጉም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ፣ የሚያንኳኳውን "አይቻልም" ብሎ ይመልሰዋል። ሌላው ዝም ይላል፤ ያንኳኳው ሰው የመታው በር ይሁን ግድግዳ አያውቅም። ጠርጥር ሁልጊዜ ዝምታውን ነው የሚመርጠው። "ለሌባ መልስ መስጠት ቤት ውስጥ ሰው አለ ብሎ መንገር ነው" ይላል። ልክ ነው፤ የሙያችን መጽሐፍም የሚለው ይህንኑ ነው።

ሕጎቹ ሲያልቁ ሞከርነው። ወደ ላብራቶሪው ደወለ፤ እነሱም ለሙከራ ብለው የፈጠሩትን አንድ በሽተኛ ውጤት ላኩ። ስኳሩ ደህና፣ ደሙ ደህና፣ ሁሉ ነገሩ ደህና የሆነ በሽተኛ። ወደ ክፍሎቹ ደወልን። "ደረሰ?" "ደርሷል!" "ይታያል?" "ይታያል፣ ይታያል፣ ኧረ ሥራ አስፈታችሁን!" ጠርጥር ወንበሩን ወደ ኋላ ለጠጥ አድርጎ ተነፈሰ። ደስ አለኝ፤ ዓመት ሙሉ እንደዚያ ሲተነፍስ አላየሁትም።

ከሕጎቹ ጎን ቁጥር አለ። አንድ ነገር ሕጉን በነካ ቁጥር አንድ ይጨምራል። ጥቂት ቆይቶ የመጨረሻው ሕግ፣ የመዝጊያው፣ ቁጥሩ መንቀሳቀስ ጀመረ። ጠርጥር ከወንበሩ ተነሳ።

"አየሽ? አየሽ! ከበረንዳው ወደ ቤት ሊገባ የሚሞክር ነገር አለ።"

"ምን ሊሆን ይችላል?"

"ያ ሌባ ነዋ! ሲወጣ የተወው ትል ይኖራል ብዬ አልነበር? ሰርቨሩ ውስጥ ተደብቆ ነበር የከረመው። አሁን በሩ ተዘጋበት።" ትል የሚለው ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር እየተሳበ የሚራባውን ቫይረስ ነው።

ቁጥሩ እንደገና ጨመረ። "አንኳኳ፣ የኔ ወንድም፣ አንኳኳ!" አልኩት ትሉን፤ ሳቅን። ጠርጥር ከልቡ ነው የሳቀው፣ ዓይኑን እየጠረገ። ሻይ ቀድቼ አመጣሁ። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር "ቤት የለም!" "ነገ ና!" እየተባባልን ቆየን። ሰኞ ምርቃቱ ሲያልፍ ትሉን ፈልፍለን ልናወጣው ተስማማን።

ስልኩ የጮኸው ምሳ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ጠርጥር አነሳው። "አዎ" አለ፣ እንደገና "አዎ" አለ፣ ከዚያ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ እንደተከፈተ ጥሎት በደረጃው ሮጠ። ስልኩን አንስቼ "ሃሎ" ስል አንዲት ሴት ታለቅሳለች። እማማ አርፋለች። ልብስ ሊቀይሩላት ሲመጡ ነው ያገኟት። ልቧ ቀጥ ብሏል።

ልከተለው ተነሳሁና ሥራው ክፍት መሆኑን አስታውሼ ተመለስኩ። ስክሪኑን ልዘጋ ስል ዓይኔ ቁጥሩ ላይ ወደቀ። አሁንም ይጨምራል። ምን ያህል ጨምሯል ብዬ ሳይሆን፣ ወዴት ነው የሚያንኳኳው ብዬ ገልጬ አየሁት። ትል ቢሆን ያገኘውን በር ሁሉ ነው የሚያንኳኳው። ይሄ ግን ደጋግሞ አንድ በር ብቻ ነው የሚመታው፤ አልፎ አልፎ ሌላ አንድ። የመጀመሪያውን አድራሻ አወቅሁት። ያን ስክሪን ግድግዳው ላይ የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ሦስተኛ ፎቅ፣ የኩላሊት ክፍል።

ሰርቨሩን ከፍቼ ገባሁ። ተራ ይዘው የሚጠብቁ መልእክቶች ነበሩ፤ "አደገኛ ውጤት፣ ፖታሲየም"። ስሙ የእማማ ነው። ሰርቨሩ ይልካል፣ መልስ ያጣል፣ ትንሽ ይቆይና ደግሞ ይልካል። የሚያንኳኳው ሌባ አልነበረም።

ነገሩን በኋላ ነው ሰብስቤ የተረዳሁት። ውጤት አደገኛ ሲሆን ሰርቨሩ ራሱ ተነስቶ ወደ ክፍሉ ስክሪን ደወል ይልካል፤ ስክሪኑ ቀይ ሆኖ ይጮኻል። ደወሉን ያስገቡት ሰርቨሩን የሸጡልን ሰዎች ናቸው፣ ከላብራቶሪው ጋር ተነጋግረው። ጠርጥር ከመዝጋቱ በፊት ክፍል ለክፍል ዞሮ "ይሄ ሰርቨር ወደ እናንተ የሚልከው ነገር አለ ወይ?" ብሎ ጠይቋል፤ እኔም አብሬው ዞሬያለሁ። "ኧረ የለም፣ እኛ ነን ገብተን የምናየው" ነው ያሉን። አልዋሹም። ለነርስ ደወል ደወል ነው፤ ከየት ተነስቶ እንደሚመጣ ማን ያስባል? ድሮ እንዲህ ያለ ውጤት ሲወጣ የላብራቶሪው ሰው ስልክ ያነሳ ነበር። ደወሉ ከመጣ ወዲህ ስልክ ቀረ። ሙከራው ላይም የላክነው ጤነኛ ሰው ነው። በሚሞት ሰው የሚሞክር ማን አለ?

ያኔ ግን ይህን ሁሉ አላሰብኩም። ስልኩን ይዤ ወደ ክፍሎቹ ሁሉ ደወልኩ፤ ጮህኩባቸው። "ደወል አትጠብቁ! የሁሉንም ውጤት በእጃችሁ ክፈቱ፣ አሁን!" ሌላው የሚንኳኳው በር ሁለተኛ ፎቅ ነበር፤ እዚያ የተኛ አንድ ሽማግሌ በዚህ ተረፈ። ከዚያ አዲስ ሕግ ጻፍኩ፤ ከበረንዳው ወደ ሕሙማን ክፍሎች፣ የአደጋ ደወል ብቻ፣ ይለፍ። ሦስት ጊዜ ነው የተሳሳትኩት። ሕጉ ሲገባ የተጠራቀመው ሁሉ በአንዴ ወጣ። ሦስተኛ ፎቅ የነበሩት እንደነገሩኝ ስክሪኑ ቀልቶ ያለማቋረጥ ጮኸ፣ አንሶላዋ እየተነሳ፣ ልጇ እጇን እንደያዘ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። እሱ ቀና ብሎ አላየውም አሉ።

ለሥራ አስኪያጁ ያን ቀን ነገርኩት። አገጩን እያሻሸ ሰማኝና "አሁን ተስተካክሏል አይደል?" አለ።

"ተስተካክሏል።"

"እንግዲህ ሰኞ ምርቃት ነው። ወሬ አታብዢ። ለልጁም አታስቢለትም? በሐዘኑ ላይ ይህን ልትጨምሪበት?"

አፌን ያዘጋኝ ይሄ የመጨረሻው ነው። ምርቃቱስ ገደል ይግባ! ጠርጥርን ግን ምን ብዬ ነው የምነግረው? ለሌላ ሰው ከመናገሬ በፊት ከእኔ ይስማው ብዬ ያዝኩት። ከቀብሩ እስኪመለስ ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። የሆስፒታሉ ሰዎች ጥፋተኛ ፈልገው ሲስተሯን አገኙ። ላብራቶሪው "ልከናል" አለ። ስክሪኑ "ደውሏል" ይላል፤ መቼ እንደደወለ ያጣራ የለም። ቀረች እሷ። ደወል እየጮኸ ያልሰማች፣ በሽተኛ የገደለች ተባለች። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! ከሥራ አግደው በየቀኑ እየጠሩ ይጠይቋታል፤ ፈቃዷን ሊነጥቋት እንደሆነ ሰማን። ምርቃቱ ግን በሰዓቱ ተካሄደ፤ ሪባን ተቆረጠ።

ጠርጥር የተመለሰው ጢሙን ሳይላጭ ነው። አቅፌው ትንሽ አለቀስን። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና እንደ ልማዱ ሕጎቹን ከላይ ወደ ታች ማንበብ ጀመረ። ይህን እንደሚያደርግ አውቅ ነበር። ያለ እሱ የገባ ሕግ ኖሮ አያውቅም። እኔ ከኋላው ቆሜ ጀርባውን አያለሁ። አንድ ቦታ ላይ ጣቱ ቆመ።

"ይሄ ምንድን ነው? ከበረንዳው ወደ ክፍሎች፣ የአደጋ ደወል?"

"እኔ ነኝ የጻፍኩት።"

"ለምን?"

"ሰርቨሩ ነው ለካ ደወሉን የሚልከው።"

ጄኔሬተሩ ግድግዳውን ያንቀጠቅጠዋል። ሳይዞር ጠየቀኝ።

"መቼ ነው የከፈትሽው?"

"ቅዳሜ።"

"ከእማዬ በፊት ነው በኋላ?"

በየሌሊቱ ስፈራው የነበረው ጥያቄ ነው። "በፊት" ብዬ ብመልስለት ደወሉ ደርሷል ማለት ነው፤ ልጅቷ አልሰማችም፣ እሱም እሷን እየረገመ ይኖራል፣ እንቅልፍም ይወስደዋል። ውሸቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። እንዴት እንደምወደው ደግሞ ፈጣሪ ያውቃል፤ የእናቴ ልጅ ቢሆን ከዚያ በላይ አልወደውም።

"በኋላ" አልኩት።

ሲነሳ ወንበሩ ወደቀ። አላነሳውም። "ሲስተሯ የት ናት?" ብቻ ነው ያለው።

አስተዳደር ቢሮ አገኘናት። ሥራ አስኪያጁና የነርሶቹ ኃላፊ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጠዋል፤ እሷ ቆማለች፣ ዩኒፎርም ሳይሆን የቤት ሹራብ ለብሳ። ጠርጥር በሩን ሳያንኳኳ ገባ።

"ልቀቋት" አለ። "ደወሉ አልደረሳትም። የዘጋሁት እኔ ነኝ።"

"እኛ ነን" አልኩ ከኋላው። "ሁለታችን ነን የዘጋነው። ለሥራ አስኪያጁም ቅዳሜ ዕለት ነግሬያቸዋለሁ።"

ሥራ አስኪያጁ ፊቱ ጠቆረ። "ሐዘን ላይ ነህ፣ ወንድሜ። ይህን ጉዳይ ሌላ ቀን..."

"ሌላ ቀን የለም። እኔ ነኝ አልኩ እኮ!"

ሲስተሯ ወደ ጠርጥር ዞረች። ነፃ የወጣ ሰው ፊት አልነበረም የነበራት።

"እኔም ለእነሱ ያልተናገርኩት አለ" አለችው። "በሞተ ሰው ማሳበብ መስሎኝ ነው። ስክሪኑን ከፍቼ ነበር፣ ውጤቱ አልወጣም ነበር። ከዚያ ደወል ስጠብቅ ቆየሁ። የእናትህ ነገር አላምር ሲለኝ ላብራቶሪ ራሴ ልወርድ ተነሳሁ፤ በሩ ጋ ደርሼ ነበር። ጠሩኝ።"

"እማዬ?"

"አዎ። 'ተይ አትልፊ ልጄ፣ በሽተኛውን ሁሉ ጥለሽ የት ትሄጃለሽ' አሉኝ። 'ዛሬ ኮምፒውተሩን የያዘው የኔ ልጅ ነው። እሱ የያዘው ነገር አይጠፋም። ትንሽ ታገሺ፣ ይደውላል' አሉኝ። እኔም ታገስኩ።"

ጠርጥር በእጁ ወንበር ፈለገ። በአጠገቡ ወንበር አልነበረም፤ ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።